ዊኪ፣ ቪቺ ወይስ ቫይሳይ? የላቲን ቃላትንና መሪ ቃሎችን በየትኛው አነባበብ እናንብብ

ጁሊየስ ቄሳር በ47 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ዜላ ላይ ጦርነት አሸነፈ። ድሉን የገለጸባት ሦስት ቃል ብቻ ያላት መልእክት እስከ ዛሬ ትጠቀሳለች፤ «መጣሁ፣ አየሁ፣ አሸነፍኩ»። በላቲን ስትነበብ ግን አንድ አይደለችም። የጥንቱን የሮም ቋንቋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማረ ሰው «ዌኒ፣ ዊዲ፣ ዊኪ» ይላታል። ቫቲካን ውስጥ «ቬኒ፣ ቪዲ፣ ቪቺ» ናት። የድሮ እንግሊዛዊ ዳኛ ደግሞ «ቪናይ፣ ቫይዳይ፣ ቫይሳይ» ይላት ነበር።

ሦስቱም አልተሳሳቱም። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግና የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ስለዚህ «ትክክለኛው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያራምድም። «የት ነው የምናገረው? ለማን?» ብሎ መጠየቅ ነው የሚያዋጣው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ሰው «ሲ» (c) የሚባለው ፊደል እንዴት ይነበብ፣ «ቪ» (v) እንዴት ይነበብ ሲል ይከራከራል። ጆሮ የሚቆረቁረው ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ አይደለም። ጫናው፣ ማለትም የቃሉ አንድ ክፍል ከሌላው ጎላ ብሎ መነገሩ፣ የማይገባው ቦታ ላይ ሲወድቅ ነው። ስለ ጫና ያለው ሕግ ደግሞ ለሦስቱም አንድ ነው ማለት ይቻላል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ልዩነቱ ከየት መጣ?

የሮም መንግሥት ከወደቀ በኋላ ላቲን ለብዙ መቶ ዓመታት የትምህርት፣ የሕግና የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ሆኖ ቆየ። የሚናገሩት ሰዎች ግን ሌላ አፍ መፍቻ ነበራቸው። ፈረንሳዩ በፈረንሳይኛ ድምፅ፣ ጀርመኑ በጀርመንኛ፣ እንግሊዙም በእንግሊዝኛ ያነበው ጀመር። ጽሑፉ አንድ ሆኖ ድምፁ ተበታተነ። የኔዘርላንዱ ምሁር ኤራስሙስ እ.ኤ.አ. በ1528 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ችግር አንስቶ ወደ ጥንቱ አነባበብ እንመለስ ብሎ ተከራክሯል። ሐሳቡ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በደንብ ሥር የሰደደው ግን ብዙ ቆይቶ ነው።

ጥንታዊው አነባበብ

ይህ የሮሙ ታዋቂ ተናጋሪ ሲሴሮና ቄሳር ይናገሩት የነበረው ነው፤ ምሁራን ከማስረጃ አሰባስበው መልሰው ያቆሙት። ትልቁ ውበቱ ቀላልነቱ ነው። አንድ ፊደል ሁልጊዜ አንድ ድምፅ አለው ማለት ይቻላል። «ሲ» ምንጊዜም «ክ» ነው። «ጂ» ምንጊዜም «ግ» ነው። «ቪ» «ው» ነው። «ኤ» (a) እና «ኢ» (e) የሚባሉት ፊደሎች ተጣብቀው ሲጻፉ «አይ» ይሆናሉ። በዚህ መንገድ የቄሳር ስም «ካይሳር»፣ የሲሴሮ ስም «ኪኬሮ» ነው።

«ድምፅ ሳይቀረጽ እንዴት አወቁ?» የሚል ሰው አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ጠንካራ ነው። ግሪኮች የሲሴሮን ስም በራሳቸው ፊደል ሲጽፉ «ኪኬሮን» ብለው ነው የጻፉት። ግሪክኛ «ስ» ሳይቸግረው «ክ»ን መረጠ። የጀርመኑ «ካይዘር» ከቄሳር ስም የመጣ ነው፤ የእኛም «ቄሳር» በ«ቄ» ይጀምራል እንጂ በ«ሴ» ወይም በ«ቼ» አይጀምርም። ሰርዲኒያ ደሴት ውስጥ እስከ ዛሬ መቶን «ኬንቱ» የሚሉ አሉ። ከላቲኑ «ኬንቱም» የወረሱት ነው።

«ቪ» «ው» ለመሆኑ ደግሞ እኔ በጣም የምወደው ማስረጃ ሲሴሮ ራሱ የጻፈው ታሪክ ነው። የሮም ጦር አዛዥ ማርኩስ ክራሱስ ወደ ፓርቲያ ሊዘምት ብሩንዲሲዩም ወደብ ላይ ጦሩን መርከብ እያሳፈረ ነው። አንድ ነጋዴ ከካውኑስ የመጣ በለስ ይዞ «ካውኔአስ! ካውኔአስ!» እያለ ይጮኻል። ቃሉ ጆሮ ላይ «ካዌ ኔ ኤአስ» ከሚለው ጋር ይመሳሰላል፤ «ተጠንቀቅ፣ አትሂድ» ማለት ነው። ክራሱስ ሄደ፤ በ53 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ካሬ በምትባል ከተማ አጠገብ ተገደለ። ምልክቱን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ተባለ። እንግዲህ «ካዌ» የሚለው «ካቬ» ተብሎ ቢነበብ ከነጋዴው ጩኸት ጋር አይገጥምም። ሮማውያን ይህን ታሪክ ተቀባብለው ያወሩት ድምፁ ስለገጠመላቸው ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ አነባበብ ሌሎች የሚቸገሩበትን ነገር ያቀልለታል። ላቲን እንደ እኛ ያጠብቃል፣ ያላላል። «አኑስ» ሲላላ አሮጊት ነው፤ «ኑ» ሲጠብቅ ዓመት ነው። «እሺ አለ» እና «ቤት አለ» የሚሉትን ለይቶ የሚናገር ሰው ይህን ለመያዝ አይቸገርም። «ኪው» እና «ዩ» አብረው ሲመጡም ፊደላችን ዝግጁ ነው። ውኃ «አኳ» ነው፤ «ምን?» የሚለው «ኲድ» ነው፤ ምላስ «ሊንጓ» ነው።

የሚያስቸግረው የአናባቢ ርዝመት ነው። ላቲን ረጅምና አጭር አናባቢ ይለያል፤ አማርኛ በዚያ መንገድ አይለይም። ጥሩ መዝገበ ቃላት ረጅሙ አናባቢ ላይ አግድም መስመር ያኖራል። መስመሩን አትዝለሉት፤ ጫናው የት እንደሚወድቅ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

የቤተ ክርስቲያን አነባበብ

ይህ የጣሊያን መልክ ያለው ነው። ቅዳሴ ላይ፣ መዝሙር ላይ፣ ቫቲካን ውስጥ የሚሰማው እሱ ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ የመላው ካቶሊክ አነባበብ አልነበረም። እያንዳንዱ አገር በራሱ ድምፅ ይቀድስ ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ እ.ኤ.አ. በ1912 ለፈረንሳዩ የቡርዥ ሊቀ ጳጳስ በጻፉት ደብዳቤ የሮምን አነባበብ ደገፉ። ከዚያ በኋላ እየሰፋ ሄደ።

ሕጉ ከጥንታዊው ትንሽ ይወሳሰባል። «ሲ» ከ«ኤ» እና ከ«ኢ» ድምፅ በፊት ሲመጣ «ች» ይሆናል፤ ሰላም የሚለው ቃል «ፓኬም» መሆኑ ቀርቶ «ፓቼም» ነው። «ጂ» በዚያው ቦታ «ጅ» ነው፤ ንግሥት «ሬጂና» ናት። «ጂ» እና «ኤን» ሲገናኙ ደግሞ የእኛው «ኝ» ይወጣል፤ የእግዚአብሔር በግ «አኙስ ዴይ» ነው። «ኤስ» እና «ሲ» ከ«ኤ» ወይም ከ«ኢ» ድምፅ በፊት «ሽ» ይሆናሉ። «ቪ» ያው «ቭ» ነው። ተጣብቀው የሚጻፉት «ኤ» (a) እና «ኢ» (e) በአጭሩ «ኤ» ተብለው ይነበባሉ፤ የሰማይ የሚለው «ካይሊ» እዚህ «ቼሊ» ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ሰው ይሰናከላል። አንደኛው «ቲ» (t) እና «አይ» (i) ሌላ አናባቢ ሲከተላቸው ነው። ጸጋ የሚለው ቃል «ግራትሲያ» ይሆናል። «ትስ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። «ጽ» ብዬ ብጽፈው የእኛ ጠንካራ ድምፅ ይገባበታል፤ ላቲኑ ግን ለስለስ ያለ «ት» እና «ስ» ነው። ሁለተኛው «ኤች» ነው። አይነበብም። «ለእኔ» እና «ምንም» በሚሉት ሁለት ቃላት ግን «ክ» ይሆናል፤ «ሚኪ» እና «ኒኪል»።

መዘምራን ለሆናችሁ አንድ ማስታወሻ። ባኽን ወይም ሞዛርትን ስትዘምሩ መሪያችሁ የጀርመን አነባበብ ሊመርጥ ይችላል። እዚያ «ፓቼም» «ፓትሴም» ይሆናል፤ «አኙስ» «አግኑስ» ይሆናል፤ «ኲ» ደግሞ «ክቪ» ይሆናል። ደራሲዎቹ በጆሯቸው የሰሙት ላቲን ይህን ይመስል ስለነበር ምርጫው ምክንያት አለው። መሪው ከወሰነ ወስኗል። ሠላሳ ሰው በአንድ ድምፅ መዘመሩ ከየትኛውም ክርክር ይበልጣል።

የእንግሊዝ አነባበብ

ብዙዎቻችን ላቲንን የምናውቀው በዚህ በኩል ነው። ሕግ፣ ሕክምናና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ስለሚመጡ የላቲኑ ቃልም የእንግሊዝን ድምፅ ለብሶ ይመጣል። የእንግሊዝኛ ረጅም አናባቢዎች ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀስ በቀስ ተለወጡ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚነበበው ላቲንም አብሮ ተለወጠ። «ኢ» የነበረው «አይ» ሆነ፣ «አ» የነበረው «ኤይ» ሆነ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ወደ ጥንታዊው ዞሩ። ፍርድ ቤቱና ቤተ ሙከራው ግን አሮጌውን ይዘው ቀሩ።

ስለዚህ ጠበቃው «ፕራይማ ፌሺ» ሲል አልተሳሳተም። ጥንታዊው «ፕሪማ ፋኪኤ» ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ «ፕሪማ ፋቺኤ» ነው። እንግሊዝኛ በሚነገርበት ችሎት ፊት «ፋኪኤ» ብትሉ ግን የሚገባው ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ። የታሰረ ሰው ዳኛ ፊት ይቅረብ የሚለው ትእዛዝም እንዲሁ ነው። በጥንታዊው «ሃቤአስ ኮርፑስ»፣ በሕግ ሰዎች አፍ «ሄቢየስ ኮርፐስ» ይባላል። ችሎት ውስጥ ሁለተኛውን ምረጡ።

ሳይንስ ትንሽ ነፃነት ይሰጣል። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለዕፅዋት፣ በ1758 ለእንስሳት የሁለት ቃል ስም አሰጣጡን ካስያዘ ጀምሮ ስሞቹ የላቲን መልክ አላቸው። የስም አወጣጡ ደንብ የሚቆጣጠረው አጻጻፉን ነው፤ አነባበብ አያዝም። «ሆሞ ሴፒየንስ» ያለ እንግሊዛዊና «ሆሞ ሳፒኤንስ» ያለ ጣሊያናዊ አንድ መድረክ ላይ ያለ ችግር ይግባባሉ። ከተለያየ አገር የመጣ ታዳሚ ፊት የምትቀርቡ ከሆነ ሁሉንም ፊደል ግልጥ አድርጎ የሚያነበው «ሳፒኤንስ» ዓይነቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ስሙን ሰምቶ ለመጻፍ ይቀላል።

ማደባለቅ የሚያመጣው ጣጣ

አንድ ሐረግ ውስጥ ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ማንበብ ጆሮን ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው፤ ትርጉምም ያምታታል። የቀድሞ ተማሪዎች የሚለውን ቃል እዩ። ለወንዶች አንድ፣ ለሴቶች ሌላ መጨረሻ አለው። በእንግሊዝ አነባበብ ወንዶቹ «አለምናይ»፣ ሴቶቹ «አለምኒ» ናቸው። በጥንታዊው ወንዶቹ «አሉምኒ»፣ ሴቶቹ «አሉምናይ» ናቸው። ልክ ተገለበጠ! የእንግሊዙን ለወንዶች፣ የጥንቱን ለሴቶች የወሰደ ሰው ሁለቱንም «ናይ» ብሎ ይጨርሳቸዋል። የቤተ ክርስቲያኑ «አሉምኒ» እና «አሉምኔ» ብሎ ይለያቸዋል። የምረቃ መድረክ ላይ ንግግር የምታደርጉ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው አትልቀቁት።

ጫናው፦ የሁሉም የጋራ ሕግ

ቃሉን በየቀለሙ ቁረጡት፤ አንድ አናባቢ ያለው እያንዳንዱ የድምፅ ቁራጭ አንድ ቀለም ነው። ሁለት ቀለም ብቻ ካለው ጫናው የመጀመሪያው ላይ ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ከመጨረሻው ሁለተኛውን ቀለም ተመልከቱ። አናባቢው ረጅም ከሆነ፣ ወይም ቀለሙ በተነባቢ ከተዘጋ ጫናው እሱ ላይ ነው። ካልሆነ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ከመጨረሻው ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። ከዚያ ወዲያ አይሄድም።

እውነት የሚለው ቃል ቬ፣ ሪ፣ ታስ ነው። «ሪ» አጭር ነው፣ አልተዘጋም። ጫናው «ቬ» ላይ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መሪ ቃል ይኸው ነው፤ ብዙ ሰው «ሪ»ን ይጫናታል፣ ያኔ ይበላሻል። ታማኝ የሚለው ፊ፣ ዴ፣ ሊስ ነው። «ዴ» ረጅም ነው፣ ጫናው እዚያው ነው። የፈላስፋው ዴካርት «አስባለሁ፣ ስለዚህ አለሁ» ሲጀምር ኮ፣ ጊ፣ ቶ ነው፤ «ጊ» አጭር ስለሆነ ጫናው «ኮ» ላይ ይወድቃል። በቤተ ክርስቲያኑ «ኮጂቶ» ብትሉትም ጫናው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። መምህር የሚለው ማ፣ ጊስ፣ ቴር ላይ ደግሞ «ጊስ» በ«ስ» ተዘግታለች፤ ጫናውን ትወስዳለች።

ከሕጉ ያፈነገጡ ጥቂት ቃላት የእንግሊዝ ሐኪሞች አፍ ላይ አሉ። የደረት ሕመም የሚባለው «አንጃይና» ላይ እነሱ መካከለኛውን ይጫናሉ፤ ላቲኑ የመጀመሪያውን ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሐኪሞቹን ተከተሉ።

ጊዜ ካጠራችሁና አንድ ነገር ብቻ መለማመድ ከቻላችሁ፣ «ሲ» እና «ቪ»ን ተዉና ጫናውን ተለማመዱ። ጫናው ትክክል ከሆነ ከሦስቱ አነባበቦች የትኛውንም ብትጠቀሙ አድማጭ ቃሉን ይይዝላችኋል።

ታዋቂ መሪ ቃሎች ሲነጻጸሩ

የኦሎምፒክ መሪ ቃል በይበልጥ መፍጠንን፣ ከፍ ማለትንና መበርታትን ይላል። በጥንታዊው «ኪቲኡስ፣ አልቲኡስ፣ ፎርቲኡስ»፣ በቤተ ክርስቲያኑ «ቺትሲኡስ፣ አልትሲኡስ፣ ፎርትሲኡስ» ነው። ስፖርት ጋዜጠኞች «ሲቲየስ» ሲሉ ትሰማላችሁ፤ የእንግሊዝ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 «በጋራ» የሚል ተጨምሮበታል፤ «ኮሙኒቴር»፣ «ሙ» ላይ ተጭናችሁ። እኔ ስቱዲዮ ውስጥ ብሆን ጥንታዊውን እመርጣለሁ። ሦስቱ ቃላት የሚመቱት ምት በእሱ ነው የሚደምቀው።

የአሜሪካ ማኅተም ላይ እ.ኤ.አ. ከ1782 ጀምሮ ያለው «ከብዙዎች አንድ» በጥንታዊውም በቤተ ክርስቲያኑም «ኤ ፕሉሪቡስ ኡኑም» ነው። አሜሪካውያን «ኢ ፕሉሪበስ ዩነም» ይላሉ። የካናዳው «ከባሕር እስከ ባሕር» በሁለቱም «አ ማሪ ኡስኴ አድ ማሬ» ነው። የካንሳስ ግዛቱ «በመከራ ወደ ከዋክብት» ደግሞ «አድ አስትራ ፔር አስፔራ» ነው፤ «ፔ»ን አትጫኑ፣ የመጨረሻውን ቃል ከ«አስ» ጀምራችሁ ምቱት።

የኦክስፎርዱ «እግዚአብሔር ብርሃኔ ነው» ላይ ልዩነቱ አንዲት ቦታ ብቻ ነው፤ «ዶሚኑስ ኢሉሚናቲኦ ሜአ» ወይም «ኢሉሚናትሲኦ»። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛ ጦር «ሴምፔር ፊዴሊስ» ይላል፤ «ሁልጊዜ ታማኝ» ነው። ሲያሳጥሩት ግን «ሴምፐር ፋይ» ይሉታል። ሙሉው ላቲን፣ አጭሩ እንግሊዝኛ ሆነ ማለት ነው። የእነሱ ነው፤ እነሱ እንደሚሉት በሉት።

እንግዲህ የቱን ልምረጥ?

ግጥም፣ ታሪክ ወይም የሮማውያንን ጽሑፍ የምታነቡ ከሆነ ጥንታዊውን ያዙ። የላቲን ግጥም ምቱ በአናባቢ ርዝመት ስለሚቆጠር በሌላ አነባበብ ውበቱ ይጠፋል። ከዜሮ የምትማሩም ከሆነ እሱው ይቀላል፤ የምታስታውሱት ሕግ ትንሽ ነው።

ለቅዳሴ፣ ለመዝሙርና ለመንፈሳዊ ሥነ ሥርዓት የቤተ ክርስቲያኑ ተወዳዳሪ የለውም። ሠርግ ላይ «አቬ ማሪያ» ሊዘምር የተነሣ ሰው «አዌ» ቢል አዳራሹ ግራ ይጋባል።

ለፍርድ ቤት፣ ለሆስፒታልና በእንግሊዝኛ ለሚካሄድ ስብሰባ የእንግሊዙ ይሻላል። እዚያ ቃሉ የሙያ ቃል ሆኗል፤ የላቲን ችሎታ ማሳያ ቦታ አይደለም።

ጆሯችሁን ለማሠልጠን ድምፅ ስሙ። የቫቲካን ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረው «ሄብዶማዳ ፓፔ» የሚባል የላቲን ዜና የቤተ ክርስቲያኑን አነባበብ ያሰማል። የፊንላንድ ሬዲዮ ከ1989 እስከ 2019 ያሰራጨው የላቲን ዜና ደግሞ ጥንታዊውን ይከተል ነበር።

ለማኅበር ወይም ለትምህርት ቤት አዲስ መሪ ቃል የምታወጡ ከሆነ ደግሞ ክርክሩን ከሥሩ ማስቀረት ትችላላችሁ። በጥንታዊውም በቤተ ክርስቲያኑም አንድ ሆነው የሚነበቡ ቃላት ምረጡ። «ቪ» ያለበትን፣ «ሲ» ወይም «ጂ» ከ«ኤ» እና «ኢ» ድምፅ በፊት የሚመጣበትን፣ «ቲ» እና «አይ» አናባቢ የሚያስከትሉበትን ተዉት። የቤኔዲክት መነኮሳት የሚታወቁበት «ጸልይ፣ ሥራም» ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። ማንም ከየትም መጥቶ ቢያነበው «ኦራ ኤት ላቦራ» ነው፤ ጫናው «ቦ» ላይ።